የጎረቤት ጸሎት



በ2017 ዓ.ም. የካቲት 17 ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ደግሞ ረመዳን ተያዘ። ያን ወር የምታስታውሱት ይመስለኛል። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት መብራት ይበራ ነበር። በአንዱ ቤት ሱሁር ይበላል፤ በሌላው ቤት ለኪዳን ጸሎት የምትሄድ እናት ነጠላዋን ታጣፋለች። ማታ አንዱ በቴምር ያፈጥራል፣ ሌላው የዘይት ሽሮውን ያቀርባል።

የእስልምናው ዘመን በጨረቃ ስለሚቆጠር ረመዳን በየዓመቱ ዐሥር ዐሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ የሚውሉት አልፎ አልፎ ነው። በሳምንቱ ቀናት ግን እኛ ጎረቤታሞች ሁልጊዜ በየተራ እንደጾምን ነው። ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ሱናውን የሚጠብቅ ሙስሊም ሰኞና ሐሙስን ይጾማል። ጴንጤ የምንላቸው ወንድሞቻችንም የጾም ጸሎት ብለው የሚለዩት ቀን አላቸው። የቀኖቹ አመራረጥ ረጅም ታሪክ አለው። ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ያልራቀው ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ክርስቲያኖችን ሰኞና ሐሙስ አትጹሙ፣ ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ይላቸዋል። ሰኞና ሐሙስ በጊዜው ትጉህ አይሁድ የሚጾሙባቸው ቀኖች ነበሩ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እስልምና ሲመጣ ሰኞና ሐሙስ እንደገና የጾም ቀን ሆኑ። ቢያንስ እነዚያ ጥንታዊ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ቀን ሲቆርጡ ጎረቤታቸውን እያዩ ነበር ማለት ነው። 

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ሰው የግል ጸሎቱን ብቻውን የሠራው ይመስለዋል እንጂ ጎረቤቱ ሁልጊዜ በውስጡ አለበት። ይህን አውቆ፣ ደፍሮ ጠይቆና አክብሮ የያዘው ሰው ጸሎቱ ይጠነክራል እንጂ አይሳሳም።

ከመቀጠሌ በፊት አቋሜን በግልጽ ልናገር። «ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። ኢየሱስን አምላክ ነው ብሎ የሚሰግድለት ሰውና ነቢይ ነው ብሎ የሚያከብረው ሰው አንድ ነገር እየተናገሩ አይደለም። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ ማለት ሁለቱንም አለመስማት ነው። እኔ በኦርቶዶክስ ቤት ነው ያደግሁት፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ነገር ግን በእምነት ቃል የማንገናኝ ሰዎች በጸሎት ሥራ ልንማማር እንችላለን። ሥራ ያልሁት የሚታየውን ነው፦ የሚነሡበትን ሰዓት፣ የሚታጠቡበትን ውሃ፣ የሚታገሡትን ረኃብ፣ የሚሰግዱበትን ጉልበት።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ሙስሊም እናት አሉ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። እሳቸው ውሃ በመጣ ቀን መጀመሪያ የሚሞሉት የምግቡን በርሜል ሳይሆን ለውዱእ የሚለዩትን አንዲት ጀሪካን ነው። ከዚያች ጀሪካን በትንሽ ማንቆርቆሪያ እየቀዱ ይጠቀማሉ። አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ሲታጠቡ አየኋቸው። እጃቸውን ሦስት ጊዜ፣ አፋቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ ራሳቸውን በእርጥብ እጃቸው አበሱ፤ ጆሯቸውን፣ በመጨረሻም እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የነበረው ውሃ ግማሹ እንኳ አላለቀም። «ወንዝ ዳር ብትሆንም አታባክን ተብለናል፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ በጠዋት ፊቴን የምታጠብበት ውሃ ከእሳቸው የአንድ ቀን ውዱእ ሳይበልጥ አይቀርም። የተማርሁት ግን ከውሃ ቁጠባ ያለፈ ነው። እሳቸው ከመጸለያቸው በፊት ከሥራቸው ለመውጣት የሚያልፉበት በር አላቸው። እኔ ዳዊቴን የማነሣው እጄ ላይ ስልክ እንዳለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጬ፣ እጄንና ፊቴን ታጥቤ ነው ውዳሴ ማርያም የምከፍተው። የእሳቸውን ዱዓ አልወሰድሁም፤ በራሴ ጸሎት ፊት መቆምን ግን ተማርሁ። ደግሞም አባቶቻችን ከጸሎት በፊት ታጠቡ ብለው ያስተማሩን ነገር ነው፤ እኔ ነኝ ጥዬው የነበርሁት።

የሚቆጠረውም ነገር እንዲሁ ነው። እናቴ በመቁጠሪያዋ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ትላለች። ሙስሊሙ ከሶላት በኋላ ሱብሐነላህን 33፣ አልሐምዱሊላህን 33፣ አላሁ አክበርን 33 ወይም 34 ጊዜ ይላል። ካቶሊኳ እህታችን በአምስት ዐሥር ዐሥር የተከፈለውን መቁጠሪያዋን ይዛ «ሰላም ለኪ» እያለች ትደግማለች። ቁጥሩም ቃሉም ይለያያል። የጣቶቹ ሥራ ግን ተመሳሳይ ነው፤ የሚቅበዘበዝ ልብን በአንድ ክር ይዞ ማቆየት። የወንጌላውያን አማኝ በዚህ አይስማማም። ጸሎት ከልብ በገዛ ቃል መውጣት አለበት ይላል፤ በየጠዋቱም መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ የጥሞና ጊዜ ይወስዳል። ይህም ትምህርት ነው። ለዓመታት የደገምሁትን ጸሎት ትርጉሙን ሳላስብ አልፌው እንደሆነ የሚጠይቀኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ እንጦጦ ልውጣ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስትሄዱ፣ ባሕር ዛፉ ሲጀምር፣ ገና ጎህ ሳይቀድ የሚወጡ ሰዎች ታገኛላችሁ። አንዳንዱ በባዶ እግሩ ነው። ቢጫ ጀሪካን የያዘ አለ፣ የታመመ ዘመድ የደገፈ አለ፣ ብቻውን የሚያለቅስ አለ። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ነው የሚሄዱት። ሥርዓቱ ቀላል አይደለም። ሱባኤ የያዘ ሰው ሰባት ቀን ወይም ዐሥራ አራት ቀን እየጾመ በየማለዳው በብርዱ ይጠመቃል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አለው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ያ ውሃ አጥንት ይሰብራል። በሰልፉ ውስጥ ሙስሊሞችም ይገኛሉ። ይህን ማንም የእንጦጦ ካህን ይነግራችኋል። እምነታቸውን ሊለውጡ አይደለም የሚመጡት፤ ሐኪም ያቃተውን ነገር ይዘው ነው። በወሎም ክርስቲያን ወዳጃ ወደሚባለው የሙስሊሞች የጸሎት ጉባኤ ሄዶ ዱዓ እንደሚያስደርገው ማለት ነው።

በዚሁ ተራራ ላይ አንድ ልንረሳው የማይገባ ነገር ሆኗል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ብዙ ሺህ ሰዎች በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ ትናንሽ ቤቶች ተከራይተው ጸበል ይጠመቁ ነበር። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላም መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ብለው የተዉት ብዙዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንደሆኑ በአደባባይ ተናገሩ። እኔ ይህን ቃል ከታላላቅ የመንፈሳዊ አመራር ሥራዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የሰዎቹን ጸሎት አልነካም፤ ጸሎቱ ነፍሳቸውን እንዳያሳጣቸው ግን ጠበቀ። የትኛውንም መንፈሳዊ ሥራ የምንመዝንበት አንዱ መለኪያ እዚህ አለ፤ ሰውን ከሕይወቱና ከወገኑ ያርቀዋል ወይስ ይመልሰዋል?

ውሃውስ ቢሆን? የምንኖርበት ክፍለ ከተማ መጠሪያ የሆነው ጉለሌ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት እዚህ የኖሩ ሰዎች በኢሬቻ እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው በውሃ ዳር ዋቃን ያመሰግኑ ነበር። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢሬቻ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ተከበረ። የጸበሉንና የኢሬቻውን ውሃ አንድ አላደርገውም፤ ካህኑም አባ ገዳውም አይፈቅዱልኝም። ነገር ግን በዚህ ተራራ ግርጌ ሰው ከውሃ ፊት በአክብሮት ሲቆም የመጀመሪያዎቹ እኛ እንዳልሆንን ማወቅ ጥሩ ነው።

አሁን ልቤ ያለበት ቦታ ደረስሁ። ከእንጦጦ ወርደን ቀጨኔ እንሂድ።

ቀጨኔን ሁላችሁም በሸክላ ታውቁታላችሁ። ሴቶቹ አፈሩን ፈጭተው፣ ነፍተው፣ በውሃ አቡክተው፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው ብቻ ጀበናውንና ድስቱን ያቆሙታል። ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ይወለውሉታል፤ ከዚያ በግልጽ እሳት ይተኩሱታል። በዚህ አዳራሽ ካለነው ውስጥ ከቀጨኔ እጅ የወጣ ጀበና ቤቱ ያልገባ ያለ አይመስለኝም። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም ቡናውን የቀዳው ከዚያ ነው። ነገር ግን ያንን ጀበና የሠሩትን እናቶች «ቡዳ» እያለ ከማዕዱ ያራቀ፣ ልጆቻቸውን ያላጋባ ኅብረተሰብ የእኛው ነው።

ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከሰሜን ሸዋ ነው። ከተማዋ በምኒልክ ዘመን ስትቆረቆር ባለሙያ ትፈልግ ነበርና ወደዚህ መጡ። ከመካከላቸው ቤተ አብርሃም ተብለው የሚጠሩና የእስራኤል ወገን ነን የሚሉ አሉ። በአደባባይ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያስጠምቃሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ይቀበራሉ። በቤታቸው ግን ከአያት ወደ ልጅ የወረደ ሌላ ሥርዓት በድብቅ ጠብቀዋል፤ ከሁሉ በላይ ቅዳሜን። ባለፉት ዓሥርታት ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ይህን ምሥጢር ወደ አደባባይ አውጥተው በአይሁድ ሥርዓት መጸለይ ጀምረዋል። ሁሉም አይስማሙም። በዚያው ሰፈር «እኛ የተዋሕዶ ልጆች ነን፣ ሌላ የለንም» የሚሉ አጥባቂ ክርስቲያኖች አሉ። በአንድ ቤት ውስጥ አባት እንዲህ፣ ልጅ እንዲያ የሚልበትም አለ። የማን ታሪክ ትክክል ነው የሚለውን ለመፍረድ አልመጣሁም። ሰው ራሱን ማን እንደሆነ የመናገር መብቱ የራሱ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ያ ድብቅ ቅዳሜ እንዴት ሊኖር እንደቻለ ነው። መልሱ የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ውስጥ አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ይሁን ብለው ስላስተማሩ ተሰደው በአርመን አገር ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ለብዙ ዘመን ተገፉ። እ.ኤ.አ. በ1450 ግን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሸዋ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ቅዳሜ ከሥራ ያረፈ ሰው ማንም ቀና ብሎ የሚያየው እንግዳ ነገር አላደረገም። የኦርቶዶክሱ ቀዳሚት ሰንበት ለቤተ አብርሃሙ ሻባት መጠለያ ሆነው። አንዱ ለክርስቶስ፣ ሌላው ለአባቶቹ ኪዳን፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንደር ያርፋሉ። ጎረቤቱ አላወቀም እንጂ የጎረቤቱን ጸሎት ሸሽጎ አቆይቶለታል።

በጎንደር በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። በሌላው የአይሁድ ዓለም ምንኩስና አልተለመደም፤ ቤተ እስራኤል በተባሉት የኢትዮጵያ አይሁዶች ግን ነበር። የራሳቸው ትውፊት እንደሚለው ምንኩስናን የጀመረላቸው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቲያን ወገን ወደ እነሱ የተጠጋ አባ ሳብራ የተባለ መነኩሴ ነው። ያ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቀኖናውን፣ ሌሊቱን፣ ብቸኝነቱን ይዞ ሄደ። የተቀበሉትም በራሳቸው ሕግ ውስጥ ቦታ ሰጡት፤ እስከ ቅርብ ዘመናችን ድረስም መነኮሳት ነበሯቸው።

እነዚህ ታሪኮች ደስ የሚሉ ብቻ አይደሉም፤ ያሳዝናሉም። የቀጨኔዋ እናት ሁለት ጸሎት የያዘችው ለመመርመር ፈልጋ አልነበረም፤ ፈርታ ነው። ዛሬ ከሁሉም ሃይማኖት ጥቂት ጥቂት ልቅመስ የሚል ወጣት አይቻለሁ፤ በስልኩ የቲቤትን ማሰላሰል ያዳምጣል፣ የሱፊ ዝማሬ ይሰማል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። አልነቅፈውም፤ ጥማቱ እውነተኛ ነው። ግን እሱ በነጻ የሚያገኘውን ሌላው ሰው ተደብቆ፣ ተሰድቦ፣ ከጋብቻ ተገልሎ እንደያዘው እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። ይህን ካወቀ የሰውን ጸሎት እንደ ናሙና አያነሣውም።

እንዲህ ያለውን ፈላጊ ሰው ሳስብ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ትዝ ይለኛል፤ ቅድም ካነሣሁት ንጉሥ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ማን ነው በሚለው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የኢትዮጵያዊ ሥራ አይደለም አሉ፤ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተከራከሩ። ማንም ይጻፈው፣ በውስጡ ያለው ሰው ሁሉም የእኔ እምነት ትክክል ነው ካለ ዳኛው ማን ይሆናል ብሎ በድፍረት ይጠይቃል። ጾምንና ምንኩስናን ይተቻል፤ የሁሉንም ወገን ይመረምራል። ሁለት ዓመት በዋሻ ሲኖር ግን ከእጁ ያልለየው አንድ መጽሐፍ ነበር፤ መዝሙረ ዳዊት። ሁሉን ሲጠይቅ በልጅነቱ በተማረው ጸሎት ላይ ቆሞ ነው። ከሩቅ አገርም ቶማስ መርተን የተባለውን አሜሪካዊ የካቶሊክ መነኩሴ አነሣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ እስያ ሄዶ ከዳላይ ላማ ጋር ስለ ማሰላሰል ተወያየ፤ ከቡድሂስቶች ብዙ ተማረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ባንኮክ አቅራቢያ ሲሞት ግን የገዳሙ መነኩሴ እንደሆነ ነው። ሥር ያለው ዛፍ ነፋሱን አይፈራም እንደሚባለው ነው።

ድንበርን ማክበርና መቀራረብ እንደማይጣሉ ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰፈራችንን ሠርግ ማየት ይበቃል። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን በግ የሚያርድ ሙስሊም ይጠራል። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ፣ ወጥ ሠሪዋም ሙስሊም ትሆናለች። የሙስሊሙ ሠርግም እንዲሁ ነው። ሁለቱም የሌላውን ሥጋ እንደማይበሉ ያውቃሉ፤ ማንም አልተቀየመም። በእድራችንም ሙስሊም ሲሞት ቀብሩ እንዳይዘገይ ድንኳኑ በፍጥነት ይተከላል፤ ክርስቲያን ሲሞት ፍትሐቱ እስኪያልቅ ይጠበቃል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ስለ ሃይማኖት መቻቻል ዐውደ ጥናት ተካፍለው አይደለም። የጎረቤታቸውን ሕግ ጠይቀው ያውቁት ስለነበር ነው። እኔ የምፈራው ይህ እውቀት ከእኛ ጋር እንዳይሞት ነው። ኮንዶሚኒየም የገባው ልጃችን የጎረቤቱን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ ስለ ጎረቤቱ ሃይማኖት የሚሰማው ግን ተቆጥተው ከሚጮኹ የኢንተርኔት ሰባኪዎች ነው። አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ከፍቶ ሲያፌዝ ያያል። በማንቆርቆሪያ ውሃ ቆጥበው የሚታጠቡትን እናት ግን አላያቸውም።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምለው ይህ ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን አንድ ጸሎት ያዙ። አጭር ትሁን፤ አባታችን ሆይ ብቻ ትሁን፣ ሱብሂ ብቻ ትሁን፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ትሁን። በብርድም በድካምም አትተዉዋት። ከዚያ የጎረቤታችሁን ጠይቁ። መጽሐፍ ስለ እሱ ምን እንዳለ ሳይሆን እሱ ራሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚከብደው፣ ለማን እንደሚለምን ጠይቁት። የሚከብደውን ነገር ከነገራችሁ ሃይማኖቱን ከማንኛውም ክርክር በተሻለ ታውቁታላችሁ። ቅዱስ ምሥጢሩን፣ ቁርባኑን፣ ሸሃዳውን ለመሞከር አትጠይቁ፤ እነዚያ ቃል ኪዳን ናቸው፣ ቃል ኪዳን አይሞከርም። ትጋቱን፣ ንጽሕናውን፣ ዝምታውን ግን ውሰዱ፤ በእነዚህ ማንም አይቀናባችሁም። ልባችሁ በእውነት ወደ ሌላ እምነት ከሄደም በግልጽ ሂዱ። ወላጆችም የሄደ ልጃችሁን ከማዕድ አታርቁ። ሽሮ ሜዳ ውስጥ አያት ውዳሴ ማርያም እየደገሙ፣ የልጅ ልጃቸው በሸማ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን እየወረወረ የወንጌል መዝሙር የሚዘምርበትን ቤት አውቃለሁ። ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ይኮራረፋሉ፤ ምሳ ግን አብረው ይበላሉ።

ለእድር ኃላፊዎች፣ ለትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴዎችና ለወረዳው ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅና ልጨርስ። ስብሰባ ስትጠሩ የሰውን የጸሎት ሰዓት ጠይቃችሁ ጥሩ። ዓርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ የጁምዓ ሶላት አለ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ ቅዳሜ ደግሞ የቀጨኔዎቹ ልጆች፣ አድቬንቲስቶቹም ጭምር የሚያርፉበት ቀን ነው። በእነዚህ ሰዓቶች ጠርታችሁ «አልመጡም» ብላችሁ አትመዝግቡ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ መዝገቡን ከፍታችሁ ከአባላቱ ማን በየትኛው ቀን መምጣት እንደማይችል አንድ በአንድ ጠይቃችሁ ጻፉ። ቀጨኔ ላይ ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ እድር ካለ እኔም መጥቼ መጻፉን አግዛለሁ።